የሣር ማጨጃ ሞተር አልነሣ ሲል

ሣር በአገራችን የክብር ምንጣፍ ነው። ዓመት በዓል ሲሆን፥ እንግዳ ሲጠራ፥ ቡና ሲፈላ በወለል ላይ ይጐዘጐዛል፤ በግቢውም ውስጥ ያማረ መስክ ያለው ቤት ባለቤቱን ያስመሰግነዋል። አባቶቻችን ሣሩን በማጭድ ያጭዱት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው በማጭድ ያጭደዋል። ማጭድ ደንዝዞ አልቈርጥ ሲል መሳል ብቻ ነው እንጂ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በቤንዚን የሚሠራው ማጨጃ ግን አንድ ቀን ምክንያቱ ሳይታወቅ ዝም ይላል፤ ገመዱን ደጋግመው ቢስቡትም አይነሣም። በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስለ ታየን በዚህ ገጽ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ሣርን በመኪና ማጨድ መጀመሪያ ያሰበው ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ጠጕር የሚላጭበትን መኪና ተመልክቶ፥ ጨርቁን የሚያስተካክለው ብልሃት ሣሩንም ለማስተካከል ይችላል ብሎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ያ መኪና ሞተር የሌለውና በሰው ጕልበት የሚገፋ ነበር። በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ኒኮላውስ ኦቶ የሚባል ጀርመናዊ በ1876 ዓ.ም. ሠራ፤ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ራንሰምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤንዚን የሚሠራ የሣር ማጨጃ ለገበያ አወጣ። ዛሬ በየግቢው የምናየው ትንሽ ሞተር የዚያ የኦቶ ሞተር ዘር ነው።

ወደ አገራችን የገባውን ያሰብን እንደ ሆነ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ነበርና ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ጠራው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ከጣልያን ሰዎች ደግሞ የሞተር ሥራ ቃላት ተቀብለናል፤ ካንዴላ፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ የምንላቸው ከእነርሱ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ፒያሳ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሲሰፋ በዳርና በዳሩ ሣርና ዛፍ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የሣር ማጨጃ ሞተር ድምፅ ለአራዳ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈር እሪ በከንቱ ይባላል። ስሙ የወጣለት በቀድሞ ዘመን መንገደኛ በሌሊት ወንበዴ ሲይዘው እሪ ቢል ደራሽ ስለማያገኝ፥ ጩኸቱ በከንቱ ስለሚቀር ነው ይባላል። የማይነሣን ሞተር ገመድ መሳብም እሪ በከንቱ ነው። ሃምሳ ጊዜ የተሳበ ገመድ ትከሻን ያደክማል፥ ገመዱን ይበጥሳል፥ ሞተሩንም በቤንዚን ያሰጥማል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ገመድ ከመሳብም መመርመር ይቅደም እንላለን።

ስለ ምርመራ ከተነሣ፥ እኛ በችሎት አጠገብ ተቀምጠን የባለጉዳዮችን ቃል በጽሕፈት የምናውል ሰዎች ስለ ሆንን ሁለት ዓይነት ምርመራ እንዳለ እናውቃለን። አንደኛው የጥንቱ ሌባ ሻይ ነው፤ ይኸውም ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ሰክሮ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ሁለተኛው ምስክሮችን አንድ በአንድ ለይቶ መጠየቅና ቃላቸውን ማመዛዘን ነው። ሞተር ሲበላሽ ብዙ ሰው ሳያውቀው በሌባ ሻይ ይፈርዳል፤ ካንዴላው ነው ብሎ ካንዴላ ይገዛል፥ ካርቡራቶሩ ነው ብሎ ካርቡራቶር ይለውጣል፥ በመጨረሻም አትክልተኛው ነው ብሎ አትክልተኛውን ያባርራል።

ለዚህ ምሳሌ እንስጥ። አንድ ባለ ግቢ በሰኔ ወር የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ማጨጃውን ከዕቃ ቤት ያስወጣ እንበል። ሞተሩ አልነሣም ይላል። ባለቤቱ ለአትክልተኛው፦ «አምና ስትሠራበት ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ ማሠሪያውን ከደመወዝህ እቈርጣለሁ» ይለዋል። አትክልተኛውም፦ «ጌታዬ፥ በጥቅምት ሲሠራ አስቀመጥሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም» ይላል። ሁለቱም እውነት የተናገሩ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ማንም ሳይነካው ከጥቅምት እስከ ሰኔ ድረስ በጋኑ ውስጥ ስምንት ወር የተኛ ቤንዚን አለ፤ ወንጀለኛውም እርሱ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ሳይመረምር ቢፈርድ የአንድ ድኻ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ በከንቱ ይጐድላል። ስለዚህ የሞተር ነገር የብረት ነገር ብቻ አይደለም፤ የፍርድም ነገር አለበት።

ሞተር እንዲነሣ አራት ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው። እነርሱም ጥሩ ቤንዚን፥ በልክ የገባ አየር፥ በጊዜው የሚፈነጠቅ የእሳት ብልጭታ፥ በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑ የሚያደርገው እመቃ ናቸው። አራቱ ካሉ ሞተሩ ይነሣል፤ አንዱ ከጐደለ ሦስቱ ምንም አይረዱም። እንግዲህ አራቱን ምስክሮች በየተራ እንጠይቅ፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሂድ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ስለ ደኅንነት ጥቂት ቃል። በማጨጃው ሆድ ያለውን ስለት ከመንካት በፊት የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ከካንዴላው ማራቅ ይገባል፤ ስለቱን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩ በድንገት ቢነሣ ጣትን ይወስዳልና። ቤንዚን በሚቀዳበት ስፍራ ሲጋራም ሆነ የቡና ምድጃ ከሰል አይቅረብ፤ የቤንዚን ተን በዓይን ሳይታይ በምድር ላይ ሄዶ ከእሳቱ ይደርሳል። ቤንዚንን በጐማ ቱቦ በአፍ መሳብ በየሰፈሩ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ሰውን ለሞት ያደርሳል። በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥም ልጆች ውሃ መስሏቸው እንዲጠጡት ያደርጋል።

1ኛ፦ የመያዣው ብረትና ማጥፊያው። በብዙዎቹ ማጨጃዎች እጀታ ላይ ከእጀታው ጋር ተጨብጦ የሚያዝ ብረት አለ። ይህ ብረት ካልተጨበጠ የእሳቱ መንገድ ይዘጋል፥ ፍሬኑም መዘውሩን ይይዘዋል፤ ገመዱ ቢሳብም ሞተሩ አይነሣም። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ሰው እጁን ሲለቅ ስለቱ ወዲያው እንዲቆም ነው። ስለዚህ ብረቱ በደንብ መጨበጡን፥ ከእርሱ የሚወርደው የብረት ገመድም አለመላላቱን አስቀድሞ ማየት ነው። መብራት ሲጠፋ ሱቆች በሚጠቀሙበት ጄኔሬተር ላይም ማጥፊያውን ማየት ይገባል፤ በብዙው ጄኔሬተር ደግሞ የሞተር ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መቈጣጠሪያ ስላለ ዘይቱን መለካት ያስፈልጋል።

2ኛ፦ ቤንዚን። ጋኑ ውስጥ ቤንዚን መኖሩን በዓይን ማየት፥ መክፈቻ ካለውም መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። ከዚያም ማሽተት ነው። አዲስ ቤንዚን ሹል ሽታ አለው፤ የቈየ ቤንዚን ግን እንደ አሮጌ ቀለም ይሸታል፥ መልኩም ይጠቍራል። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል እየተነነ ይሄዳል፤ ወራት ሲቈጠሩ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቤንዚን በክረምት እርጥበት ረጅም ጊዜ ሊቀመጥ አይገባውም። ከጀሪካን የተቀዳም እንደ ሆነ ላምባ ወይም ናፍጣ ተሳስቶ እንዳልተጨመረ ይመረመር። የቈየውን አፍስሶ አዲስ መጨመር ከሁሉ የረከሰ መድኃኒት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በአራት ምት የሚሠራው ሞተር ዘይቱን በልዩ ስፍራ ያስቀምጣል፤ ቤንዚኑ ንጹሕ ነው። በትከሻ ተንጠልጥሎ በክር ወይም በስለት የሚያጭደው ቀላል መኪና ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ምት ይሠራልና ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠዋል፤ መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ለሁለት ምቱ ባዶ ቤንዚን የሰጠ ሰው ፒስተኑን ያቃጥላል፤ ለአራት ምቱ የተቀላቀለውን የሰጠ ካንዴላውን ያጠቍራል። ሁለቱ ጀሪካኖች ስማቸው ተጽፎባቸው ተለያይተው ይቀመጡ።

3ኛ፦ ካንዴላ። ከሁሉ የበለጠ የሚናገር ምስክር ይህ ነው። ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ካንዴላውን በመፍቻ አውጥቶ ጫፉን መመልከት ነው። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነውና ካንዴላውን ትቶ ወደ ካርቡራቶሩ መሄድ ነው። በቤንዚን የራሰ ከሆነ ግን ቤንዚን ደርሷል፤ ጕድለቱ የእሳት ወይም የአየር ነው። በጥላሸት የጠቈረ ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ቀድሞ በደኅና ይሠራ ነበር።

እሳት መኖሩን ለማወቅ፥ በመጀመሪያ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጠርጎ ማድረቅና የካንዴላውን ቀዳዳ በጨርቅ መድፈን ይገባል። ከዚያ ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አገናኝቶ፥ እጀታው በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ይዞ፥ የካንዴላውን ብረት ከቀዳዳው ራቅ ብሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ማስነካትና ሌላ ሰው ገመዱን እንዲስብ ማድረግ ነው። በጥላ ስፍራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ካልታየ ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ወደ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር አስተካክሎ እንደ ገና መሞከር ነው። በአዲስ ካንዴላም ብልጭታ ከጠፋ ነገሩ የሽቦው ወይም እሳት የሚያመነጨው ክፍል ነውና ለመካኒክ ይተዉታል።

4ኛ፦ አየር። የአየር ማጣሪያው በአቧራና በሣር ብናኝ ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፥ ቀስ ብሎ ይራገፋል ወይም ይለወጣል። ማጨጃውን ለማጽዳት ሲያጋድሉት ማጣሪያው ያለበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከሆነ የሞተሩ ዘይት ወደ ማጣሪያው ይፈስና ያረክሰዋል። በመካኒክ ቤት የደረሰ ሞተር ሁሉ ሕመሙ ጽኑ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ሕመም ያጋደለው ሰው እጅ ያመጣው ነው።

ስለ አየር ስንናገር የአገራችንን ደጋነት መርሳት አይገባም። አራዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍ ያለ ስፍራ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳር ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳር አገር የተሠራ ካርቡራቶር ግን ቤንዚኑን በዚያው በቀድሞው ልክ ይሰጣል። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ሞተር በአዲስ አበባ ጥቍር ጭስ ቢያጨስ፥ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ቢጠቍር፥ ኀይሉም ቢቀንስ አያስደንቅም። መድኃኒቱ ለደጋ አገር የሚሆን ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ በካርቡራቶሩ ማስገባት ነው። በቀዝቃዛ ማለዳ ለማስነሻ የሚዘጋው የአየር መዝጊያም ሞተሩ እንደ ተነሣ ወዲያው ይከፈት። ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ከጠገበ መዝጊያውን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል ማሳረፍ፥ ከዚያም መዝጊያውን ሳይዘጉ መሳብ ነው።

5ኛ፦ ካርቡራቶር። ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፥ በሻይ ማንኪያ ግማሽ የሚሆን ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጠብ አድርጎ፥ የፈሰሰውን ጠርጎ፥ ካንዴላውን መልሶ አጥብቆ ገመዱን መሳብ ነው። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ተነሥቶ ቢጠፋ እሳቱም እመቃውም ደኅና ናቸው፤ የጐደለው በራሱ መንገድ የሚመጣው ቤንዚን ብቻ ነው። እንግዲህ የጋኑን ክዳን ቀዳዳ፥ ቱቦውን፥ ማጣሪያውን ተራ በተራ ማየት ነው። ከዚያ ከካርቡራቶሩ በታች ያለውን ትንሽ የነዳጅ ሳህን ፈትቶ፥ ውሃና ዝቃጭ ካለ አጽድቶ፥ ቀጭኑን ቀዳዳ በካርቡራቶር ማጽጃ መድኃኒትና በቀጭን ለስላሳ ሽቦ መጥረግ ነው። በመርፌ ወይም በምስማር የጠረገው ሰው ቀዳዳውን ያሰፋውና ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ይሆንበታል። የተፈቱት ብሎኖች በነጭ ጨርቅ ላይ በፈቱበት ተራ ይደርደሩ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

6ኛ፦ እመቃና መዘውር። ካንዴላው ገብቶ ገመዱ ሲሳብ እጅን የሚቃወም ኀይል መሰማት አለበት። ጭራሽ ካልተሰማ ቫልቩ አልዘጋ ብሏል ወይም የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ስለቱ ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ከተጋጨ በኋላ ሞተሩ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ግን፥ ወይም ገመዱ እጅን ወደ ኋላ የሚመታ ከሆነ፥ መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተቈርጦ ይሆናል። ያን ጊዜ እሳቱ ይፈነጠቃል፤ በጊዜው ግን አይደለም። ይህ ሽብልቅ ከለስላሳ ብረት የተሠራው ዘንጉ እንዳይጣመም ራሱ እንዲሰበር ነው፤ ዋጋውም ከዘንጉ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ለዚህ ነው ከማጨድ በፊት መስኩን እየዞሩ ድንጋይ መልቀም የሚገባው።

እነሆ አራቱ ምስክሮች ተጠየቁ። ከላይ ወደ ተናገርነው ባለ ግቢና አትክልተኛ ስንመለስ፥ ጥያቄው አጭር ይሆናል። ቤንዚኑ መቼ ተገዛ? ሲያሸቱት ምን ይሸታል? ካንዴላው ደረቅ ነውን? አንድ ግማሽ ማንኪያ ቤንዚን ሲሰጠው ተነሥቶ ጠፋን? እነዚህ ከተመለሱ ጥፋቱ የቈየው ቤንዚን መሆኑ ይታወቃል፤ የአትክልተኛው ደመወዝም ሳይነካ ይቀራል። ሽብልቁ ተቈርጦ፥ ስለቱም ጐድጕዶ ቢገኝ ደግሞ፥ ድንጋዩን ማን እንዲለቅም ታዞ እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚያም ቢሆን ያላዘዘ ጌታ ያልታዘዘውን ሠራተኛ ሊከስ አይችልም።

ጄኔሬተር ላለው ቤት አንድ ነገር እንጨምር። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዝናብ መጣ ብሎ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ በረንዳ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ከተኙበት የከሰል ምድጃ የሚወጣውና ቤተ ሰብን በሙሉ የሚገድለው ያው አየር ነው።

በመጨረሻ፥ ሕመሙ እንዳይመለስ ስለሚደረገው። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ማደግ ሲያቆም፥ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ፥ ጋኑን ባዶ ማድረግና በካርቡራቶሩ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን ማሠራት ነው። ዘይቱ ሞቅ እንዳለ ይለወጥ፤ ካንዴላው ወጥቶ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ይግባ፤ ካንዴላውም ተመልሶ ገመዱ አንድ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ይሳብ። ከዚያ በሆዱ የተጋገረው ሣር ይፈቅፈቅ፤ ማጨጃውም በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ቤንዚኑ የፈሰሰበትን ቀንና ዘይቱ የተለወጠበትን ቀን በትንሽ ደብተር ጽፎ ከማጨጃው ጋር ማስቀመጥ መልካም ነው፤ በሰኔ ክርክር ቢነሣ ጽሕፈቱ ለሁሉም ይመሰክራልና።